ከማርያም እስከ ማርያም

ቡሬ ሄጄ አያቴን የማይጠየቅ ጥያቄ ጠየቅኋት። ቡና እየቆላች ነበር። "እምዬ፣ የወር አበባ መጀመሪያ ያየሽው በስንት ዓመትሽ ነው?" ቀና ብላ አየችኝ። በሩ ገርበብ ማለቱን አረጋገጠች። ምጣዱን ነቅነቅ አደረገችና "ካገባሁ በሁለተኛው ክረምት" አለችኝ።

ዕድሜዋን አልነገረችኝም። ልትደብቀኝ ፈልጋ እንዳይመስላችሁ፤ በእሷ ዘንድ ነገሩ የሚቆጠረው ከሠርጓ ጀምሮ ስለሆነ ነው። እኔና እናንተ የለመድነው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ አበባ፣ ከዚያ ማትሪክ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ (ዕድል ከቀናን) ባል። የአያቴ ከባል ይጀምራል።

እናላችሁ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። የሴት ወር በዕድሜ ይለዋወጣል፤ የኮረዳዋ ሌላ፣ የጎልማሳዋ ሌላ፣ ለማረጥ የተቃረበችው ሌላ ነው። ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው አገር ግን የሴትን ዕድሜ ሲከፋፍል የኖረው ሌላ ሰዓት ነው፤ ሠርግ፣ እርግዝና፣ ማጥባት፣ በመጨረሻም ቆብ። ሁለቱ ሰዓቶች ሳይገጥሙ ስንት ዘመን አብረው እንደሄዱ ነው ዛሬ የማወራችሁ። (ወንድሞቼ፣ አትሽሹ። የእናታችሁ ጉዳይ ነው። ደግሞ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

መጀመሪያ ትንሽ ሳይንስ ታገሡኝ። የአንድ ወር ዑደት ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው እንቁላሏ ትበስላለች። በሁለተኛው እንቁላሏ ወጥታ፣ ማሕፀን ጉዝጓዙን ጎዝጉዞ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው ካልመጣ ጉዝጓዙ ተጠርጎ ይወጣል፤ ደሙ እሱ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ኪዩሳኩ ኦጊኖና ኦስትሪያዊው ኸርማን ክናውስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለየብቻቸው እንደደረሱበት፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ወሩን የሚያስረዝመውም የሚያሳጥረውም በአብዛኛው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

በዕድሜ የሚቀየረውም ይኸው ነው። አበባ ባየች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ እንቁላል ጭራሽ አይወጣም፤ ደሙ አንዴ በ21 ቀን፣ አንዴ በ45 ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ጤና ነው። በ20ዎቹ ውስጥ ይሰክናል። 30ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማጠር ይጀምርና በ28 ቀን የለመደው በ26፣ በ25 ከተፍ ይላል። ቀጥሎ መዝለል ይመጣል፤ ሁለት ወር ጠፍቶ በሦስተኛው ብቅ ይላል። ድፍን 12 ወር ከጠፋ ሐኪሞች "አረጠች" ይላሉ።

ይህን ቅርጽ አጉልቶ ያሳየን አለን ትሪሎር የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት ተማሪዎችን የወራቸውን ቀን በካርድ እየመዘገቡ እንዲሰጡት ለመናቸው። ብዙዎቹ ተመርቀው፣ አግብተው፣ ወልደው ሁሉ ካርዱን መላክ አላቋረጡም። ውጤቱ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም ሥዕሉ ሁለት ጫፉ ሰፊ፣ መሐሉ ጠባብ ሆነ፤ መቀነቷን እንዳጠበቀች ሴት። የተዘበራረቀው የወሩ ርዝመት አበባ ከታየ በኋላ ባሉት ዓመታትና ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ነው።

አያቴ ካርድ አልነበራትም። ታቦት ነበራት።

አስረዳችኝ እኮ፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ነበር። "ማርያም ዕለት ከመጣ በሚቀጥለው ገብርኤልን ይይዛል። ከዚያ እስጢፋኖስን። ከዚያ ቂርቆስን። ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።" እኔ ያን ማታ ወረቀት ይዤ ቆጠርኩ። የእኛ ወር ሁሉም 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ትተን ማለት ነው። በ28 ቀን የሚመጣ አበባ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። 21 ማርያም፣ 19 ገብርኤል፣ 17 እስጢፋኖስ፣ 15 ቂርቆስ። ልክ ናት! የፈረንጅ ወር አንዴ 31 አንዴ 28 እየሆነ ስለሚያምታታ የሚኒሶታ ልጆች ካርድ ያስፈልጋቸዋል። በእኛ አቆጣጠር ግን ታቦቱን የምታውቅ ሴት ሁሉ ገበታው በእጇ ነው።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለችው ነው። "ኋላ ግን ሮጠብኝ" አለች። "ከማርያም ተነሥቶ አንድ ጊዜ ኪዳነ ምሕረት ላይ ይወድቃል።" ኪዳነ ምሕረት 16 ናት። ከ21 ወደ 16 አምስት ቀን ነው፤ የ25 ቀን ዑደት ማለት ነው። አያቴ ፊደል አትቆጥርም። ትሪሎር ሠላሳ ዓመት ካርድ ሰብስቦ የጻፈውን ማጠር ግን ከታቦት ወደ ታቦት ሲዘል አይታዋለች።

ለምን ትቆጥር ነበር? ለእርግዝና እንዳይመስላችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ነው። በትክቶ ጊዜ (የቤተ ክህነቱ ቃል ነው፤ "ልማደ አንስት"ም ይባላል) ሴት ቅጽሩን አልፋ ወደ መቅደሱ አትዘልቅም፣ አትቆርብም። ስለዚህ የምትወደው ታቦት ሲነግሥ ከደጅ ቆማ እንደምትቀር ወይም እንደማትቀር ቀድማ ማወቅ ትፈልጋለች። በነገራችን ላይ ከጣና ማዶ በጎንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቅ ነበር፤ ሰባት ቀን ከመንደሩ ጫፍ በተሠራች የደም ጎጆ ይቀመጡ ነበር። እስራኤል ከገቡ በኋላ ስለዚያች ጎጆ የተጠየቁ አንዳንድ ሴቶች ግን መገለሉን ብቻ አላወሩም፤ ከወፍጮና ከውኃ መቅዳት ያረፉባትን፣ ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር የተጫወቱባትን ሳምንትም አነሡ። የጎጃም ሴት ከደጅ መቅረቱ ደረሳት እንጂ ዕረፍቱ አልደረሳትም። እንጨቱም ወፍጮውም እንዳለ ነበር።

ደግሞስ ስንት ጊዜ ቆጠረች? አያቴ ስምንት ወልዳለች። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ15 እስከ 45 ዓመት 360 ወር ነው። ስምንት እርግዝና በዘጠኝ ወር 72 ወር። እያንዳንዱን ልጅ ስታጠባ ዓመት ከመንፈቅ አበባ ሳታይ ቆየች እንበል፤ 144 ወር። ድምሩ 216። ማለትም ከ360 ወር የቀራት 144 ብቻ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ። ቤቨርሊ ስትራስማን የተባለች አንትሮፖሎጂስት በማሊ የዶጎን መንደሮች ባጠናችው ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ ሙሉ አበባ የምታየው 100 ጊዜ ገደማ መሆኑን አግኝታለች። አንድ ወይም ሁለት ልጅ የምትወልድ የከተማ ሴት 400 ትጠጋለች። እኛ በየወሩ የምናማርርበት ነገር ለአያቶቻችን አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ነበር። በ20ዎቹና በ30ዎቹ አለ የተባለውን የሰከነ ዘመን አያቴ ከሞላ ጎደል አታውቀውም፤ ወይ አርግዛ ወይ እያጠባች አሳልፋዋለች።

ወደ ሠርጉ እንመለስ። ለምን እንዲያ ተቸኮለ?

አንዱ መልስ መሬት ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1950ዎቹ ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ነገር አጥንቷል፤ መጽሐፉ በ1973 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ሴትም ወንድም ወራሽ ነው። እንዲህ ባለበት አገር ጋብቻ የሁለት ልጆች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሁለት ቤት ዝምድና፣ የከብትና የመሬት ስምምነት ነው። አባት ደግሞ በሕይወት እያለ፣ ጉልበቱ ሳይደክም፣ ልጁን ድሮ ማየት ይፈልጋል። ሌላው መልስ ክህነት ነው። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ ነው፤ ጎጃም ደግሞ የቆሎ ተማሪ አገር ናት። ልጅቱ ትንሽ በሆነች መጠን የድንግልናዋ ነገር አያጠራጥርም ተባለ። ሦስተኛው ሐሜት ነው። "ቆማ ቀረች" የሚባለው ስድብ ለ30 ዓመት ሴት የሚነገር ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ 16 ላይም ይነገር ነበር።

ታዲያ የአገሩ ሽማግሌ ጨካኝ አልነበረም። ልጅቱ ሕፃን ከሆነች አማቶቿ ዘንድ እንድታድግ፣ "እስክትደርስ" ባሏ እንዳይነካት ቃል ይገባ ነበር። ቃሉ አንዳንዴ ይከበራል፣ አንዳንዴ አይከበርም። እኔን ያቆመኝ ግን "ደረሰች" የምትለዋ ቃል ናት። ለጤፍም ለልጅም እኩል ነው የምናገለግልባት። መድረሷ በምን ይታወቃል? ጡቷ አጎጠጎጠ፣ ቁመቷ ጨመረ፣ አበባ አየች። በቃ፣ ደረሰች!

እንግዲህ ሁለቱ ሰዓቶች የተጋጩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ደም መከር ሳይሆን ገና ቡቃያ ነው። ከላይ እንዳልኩት ወሩ ራሱ ለመስከን ዓመታት ይፈጅበታል። የዳሌ አጥንትም አበባ ከታየ በኋላ ለዓመታት ማደጉን ይቀጥላል። በዚህ መሐል ያረገዘች ልጅ ምጧ ቀን ከሌት ሲቆይ፣ ሐኪምም በአቅራቢያ ሲጠፋ፣ የሕፃኑ ራስ የሚጫነው ሥጋ ይሞትና ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ቀዳዳ ይተዋል፤ ፌስቱላ። (ዕድሜዋ የገፋ ሴትም ይይዛታል፤ ዋናው ምክንያት ምጥ ተስተጓጉሎ እርዳታ አለማግኘት ነው።) ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በ1960ዎቹ አጋማሽ የፌስቱላ ሆስፒታላቸውን ከፈቱ። በባሕር ዳር የሃምሊን ማዕከል የተከፈተው በ1997 ነው። እስከዚያ ድረስ የቡሬዋ ልጅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ ሽታዋን ተሳፋሪው ሁሉ እያሸተተ መሄድ ነበረባት። ያውም ስለ ሆስፒታሉ የሰማችው ናት።

ሕጉስ? አያቴ የተዳረችው በ1952 ገደማ ነው። ያው በዚያ ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድን 18 አደረገ። አያቴ 11 ወይም 12 ብትሆን ነው። አዋጁ ቡሬ ገበያ ላይ ተነቦ ቢሆን እንኳ ልደቷን የጻፈ ሰው አልነበረም፤ 15 መሆኗን ማን ያረጋግጣል? በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ሠርጉ ግን አልቀረም። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አለ፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን አወጣ። በ1997 የወንጀል ሕጉ ቅጣት ጨመረ፤ 13 ዓመት የሞላትን ሕፃን ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ጥሩ ነው። ሰዉ ግን ሠርጉን "የማኅበር ድግስ" ብሎ መጥራት ለመደ።

ከሕጉ ይልቅ የሠራው ነገር ሞሰቦ ላይ የታየው ይመስለኛል። ሞሰቦ በይልማና ዴንሳ ያለች ገጠር ናት፤ ያኔ ምዕራብ ጎጃም ማለት ነበር። ከ1996 እስከ 1998 "ብርሃነ ሔዋን" የሚባል ፕሮግራም ተሞከረባት። ነገሩ ቀላል ነበር። ልጆቹን በቡድን ያሰባስባል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፣ ትምህርት ቤት ያልገቡትን ፊደል ያስቆጥራል፣ ስለ ሰውነታቸው ያስተምራል። ቤተሰቡ ልጁን ሳይድር ሁለቱን ዓመት ከጨረሰ አንዲት የቁም እንስሳ ይሸለማል። በመጨረሻ ሲለካ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልገባበት መንደር ልጆች በ90 በመቶ ያነሰ ሆነ። የበግና የፍየል ዋጋ ይህን ያህል መሥራቱ ያሳቅቃልም ያስደስታልም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ውጤቱ ተገለበጠ፤ የሞሰቦዎቹ ይበልጥ አገቡ። ሠርጉ ወደፊት ተገፋ እንጂ አልቀረም። እኔ ይህንን ሽንፈት አልለውም። በ12 እና በ16 መካከል ያሉት አራት ዓመታት ሰውነት ሥራውን የሚጨርስባቸው አራት ዓመታት ናቸው።

መቼስ ሰውነቱም ራሱ ባለበት አልቆመም። በሰሜን አውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ልጅ አበባ የምታየው በ16 እና በ17 ዓመቷ ነበር፤ በ20ኛው አጋማሽ ወደ 13 ወረደ፤ ምግብና ጤና ተሻሽሎ ነው። በእኛ አካባቢ በዳባትና በቆላ ድባ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መካከለኛውን ዕድሜ 14.8 አድርጎታል። እንግዲህ በ11 እና በ12 የተዳረች ልጅ ሁለት ሦስት ክረምት ከአማቷ ጋር አሳልፋ ነው አበባ የምታየው። አያቴ "በሁለተኛው ክረምት" ያለችው ልክ ይመጣል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነው። ከ1995 በኋላ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ልጆች። የሦስት ወሩን መርፌ ጤና ኬላ ድረስ አመጡት። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአማራ ክልል ሴት በአማካይ 5.9 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2008ቱ 3.7 ሆነ፤ ካገቡት ከመቶ 47ቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ይህ የእናቴ ትውልድ ነው። እናቴ ሦስት ወልዳለች። ግን እሷም የሰከነውን ዘመን በወጉ አላየችውም። መርፌውን በተከታታይ ዓመት ከወሰዱት ሴቶች ግማሽ ያህሉ አበባቸው ጨርሶ ይጠፋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሴቶቹ "ደሙ የት ነው የሚጠራቀመው?" እያሉ እርስ በርስ ይፈራሩ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። የትም አይጠራቀምም፤ ጉዝጓዙ ስላልተጎዘጎዘ የሚጠረግ የለም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም።

እኛ ታዲያ 400ውን ለመቁጠር የመጀመሪያዎቹ ነን። ማንም አላስተማረንም፤ እናቶቻችን የሚያስተምሩት ልምድ አልነበራቸውም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ወሩ 40 ቀን ቢዘገይብኝ ታምሜ ልሞት ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ሞዴስ የሚባለው ነገር ከሱቅ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር የሚሸጠው፤ ገጠር ያለችው ደግሞ አሮጌ ቀሚስ ቀድዳ ትጠቀማለች፣ ወይ ከትምህርት ትቀራለች። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ እየታጠበ የሚሠራ ሞዴስ ፋብሪካ አቁማ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን ጀግና የተባለችው ለዚህ ነው።

እናቴ ዘንድሮ 50ን ደፍናለች። ወሩ አንዴ በ24 ቀን፣ አንዴ በሁለት ወር ነው የሚመጣው። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ግፊት ተለክታ ተመለሰች፤ ስለ ማረጥ ያነሣባት ሰው የለም። አያቴን ስትጠይቃት አያቴ ሳቀች። ለእሷ ማረጥ የሚፈራ ነገር አልነበረም። ከደጅ መቆም ያበቃበት፣ መቁጠሪያ ይዛ እንደ ልቧ ቤተ ክርስቲያን መመላለስ የጀመረችበት፣ ኋላም ቆብ የደፋችበት ነው። "ያኔ ነው ሰው የሆንኩት" አለቻት። ጎጃም ለሴት ሰውነት ሰዓት በክብር ቦታ የሰጠው በዚህኛው ጫፍ ብቻ ይመስለኛል።

በሌላኛው ጫፍ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ትኖራለች፣ 14 ዓመቷ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት የእሷም ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑትን ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ አድርገው ሲዘግቡ እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች። ሞሰቦ ላይ ልጆቹን ከሠርግ ያቆየው ደብተርና ክፍል ነበር።

ቡሬ የነበርኩ ዕለት ልጅቱ ከአያቴ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ረከቦቱን የምታነሣው እሷ ናት። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ጎረቤት እትዬ ገቡ። ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"አደገች እኮ! ደርሳለች መሰል?"

አያቴ ሲኒውን አቀበለቻቸው።

"ለምኑ?"